ሐምሳ ሁለት መጽሐፍና አሥራ ሦስት ወር

መስከረም በጠባ ቁጥር ሐይቅ ከተማ ውስጥ የንባብ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባልደረባ፣ ወይም ከስኳርና ከሳሙና ካርቶን ጀርባ ተቀምጦ ደንበኛ እስኪመጣ ገጽ የሚገልጥ ባለሱቅ። ለዚህ ወግ መምህር ይሁን። ጎረቤቱ ሁሉ «ቲቸር» ይለዋል። አዲስ ደብተር ገዝቷል፤ በቀይ እስክሪብቶ «የዘንድሮ የንባብ ዕቅድ» ብሎ ርእስ ሰጥቷል፤ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያሰመረበት ቁጥር አለ፦ 52።

ቁጥሩ የመጣው ከስልክ ነው። ፈገግታ የማያልቅበት አንድ ጎልማሳ በአጭር ቪዲዮ ብቅ ብሎ፣ ሀብታሞች በሳምንት አንድ መጽሐፍ እንደሚጨርሱ ተናገረ። ቲቸር ሀብት ባይኖረውም ሳምንት አለው። ዓመቱ 52 ሳምንት ነውና ሒሳቡ እዚያው አለቀ። ችግሩ፣ ባለፈገግታው ሰው የደቡብ ወሎን ዓመት አያውቀውም። እዚህ ዓመቱ 13 ወር ነው፤ አንዱም ወር ባዶ እጁን አይመጣም።

መስከረም የልጆች ምዝገባና የዩኒፎርም ወር ነው፤ እሱ ሲያልፍ ደመራ፣ ደመራ ሲያልፍ በ21 የግሸን ንግሥ ይደርሳል። ግሸን አምባሰል ውስጥ ነው። ሐይቅ ዘመድ ያለው ተሳላሚ ደግሞ ሲሄድ ወይም ሲመለስ ማደሩ አይቀርም፤ እንግዳ እያደረ መጽሐፍ የሚገልጥ ባለቤት ወሎ ውስጥ ስሙ አይነሣም። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ደመወዝተኛም ቢሆን ቤተሰቡ ማሳ ላይ ሆኖ እሱ ወንበር ላይ አይገኝም። ጥር ሠርግ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይዞ ይመጣል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ከአንዱ ወር ጋር ይገናኛል፤ በዚህ አገር ደግሞ አንዱ ዘመድ ሲጾም ሌላው ዘመድ ማስፈጠሩ የተለመደ ነው። ሰኔ የፈተና ወረቀት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለንባብ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ዝናቡ ቤት ያስቀምጣል። ዝናቡ ግን መብራቱንም ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ ኅዳር ሲገባ ዘጠኝ መጽሐፍ መጨረስ የነበረበት ቲቸር የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ነው። ስምንቱ ውዝፍ ሆነ። ታኅሣሥ ላይ ውዝፉ አሥራ ሁለት ደረሰ። ጥር ላይ ደብተሩ የዕድር መዋጮ መመዝገቢያ ሆነ።

የሚገርመው፣ ሐይቅ ውስጥ ተቀምጦ የንባብ ዕቅድ ከስልክ መበደር ነው። ከከተማው ወረድ ሲሉ ሐይቁ አለ፤ በሐይቁ ውስጥ ወደ ውኃው ገባ ባለችው ምድር ላይ ደግሞ ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ። ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይደረሳል። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው እዚህ ገዳሙን አቋቋሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ እዚህ ተምረዋል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ጸሐፊም ነበሩና ትምህርት ቤቱ ከመጻሕፍት ጋር አብሮ አደገ። ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280 እና በ1281 መካከል ነው፤ የተጻፈበት ጊዜ ከሚታወቁት ሥዕል ያለባቸው የግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። እዚያው መጽሐፍ ላይ አባ ለገዳሙ ያበረከቷቸው መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። ሐይቅ ላይ የመጻሕፍት ዝርዝር ማውጣት ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የአባ ዝርዝር ያሏቸውን መጻሕፍት ይናገራል፤ የቲቸር ዝርዝር የሌሉትን።

የገዳሙ አለቃ ማዕርግ «ዐቃቤ ሰዓት» ነበር። በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥም ከታላላቆቹ ሹማምንት አንዱ እሱ ነው። ቲቸር ቤት ይህን ሹመት የያዘው ስልኩ ነው።

አሮጌዎቹ የንባብ ዕቅዶች እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዳዊት የሚደግም ሰው 150ውን መዝሙር ለሳምንቱ ቀኖች ከፋፍሎ ይዞታል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30 ይላል፤ እያለ እያለ እሑድን ለነቢያት ጸሎትና ለመኃልየ መኃልይ ያስቀምጣል። ውዳሴ ማርያምም የየዕለት ድርሻ አለው። ስንክሳር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን ለእያንዳንዱ ቀን የሚነበብ አለው። በመስጊዱ በኩል ቁርኣን 30 ጁዝእ ተከፍሏል፤ በረመዳን በየሌሊቱ አንድ አንድ እየተባለ ወሩ ሲያልቅ ይኸተማል።

እነዚህ ዕቅዶች ለምን ለብዙ መቶ ዓመታት ጸኑ? እምነቱ አንድ ነገር ነው፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነገር ነው። የማክሰኞን ስንክሳር ያልሰማ ሰው ረቡዕ ሲመጣ ሁለት ቀን አይነበብለትም፤ የረቡዕ ይነበባል፣ የማክሰኞው ለከርሞ ያንኑ ዕለት ወሩ ውስጥ እስኪውል ይጠብቃል። ውዝፍ የለም። ሁለተኛ፣ ንባቡ በድምፅ ነው፤ ንባብ ቤት የገባ ልጅ በግዕዝ ጀምሮ፣ ውርድ ንባብ ብሎ፣ ቁም ንባብ እስኪደርስ ድረስ ጆሮ ያለው ጎረቤት ሁሉ ስሕተቱን ይሰማል። ሦስተኛ፣ ሰሚ አለ። ብቻውን የሚያነብ ሰው ቢተኛ የሚያውቅበት የለም፤ ሰሚ ያለው አንባቢ ቢያንቀላፋ ይቀሰቅሱታል። አራተኛ፣ የተነበበው እንደገና ይነበባል። ዳዊትን ዕድሜውን ሙሉ የደገመ አባት በቲቸር ሒሳብ ያነበበው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው።

የወሎ መሻይኾችም የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። እንደ ሸህ ጦልሃ ጀዕፈር ያሉት መንዙማቸውን በአማርኛ ገጥመው በዐረብኛ ፊደል ጻፉት፤ ዐጀሚ የሚባለው ነው። ወረቀቱን ሁሉም ማንበብ ባይችልም ዜማው ቃሉን ይዞ ከቤት ቤት ገባ። ፊደል ያልቆጠረችው እናት ከፊደል የተወለደውን ግጥም በቃሏ ትዘልቀዋለች። ይህ ንባብ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ባለፈገግታው ሰው ይፍታው።

ወደ ቲቸር ዝርዝር እንመለስ፤ ከብዛቱ ሌላ በሽታ አለበት። 52ቱ ርእሶች ሲነበቡ አንድ መጽሐፍ ሐምሳ ሁለት ጊዜ የታተመ ይመስላል። በጠዋት ስለ መነሣት፤ ገንዘብ ስለ መያዝ፤ ገንዘብ ስለ ያዙና በጠዋት ስለ ተነሡ ሰዎች። መሐል መሐል ላይ ሁለት ሦስት የፖለቲከኛ ማስታወሻ ጣል ጣል ተደርጓል፤ እነሱም እያንዳንዱ ደራሲ ልክ ነበረ፣ ሌላው ሁሉ ተሳስቶ ነበር የሚሉ ናቸው። አብዛኛው ደግሞ በቴሌግራም የወረደ ፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፍ ልዩ ተንኮል አለው፤ ሲወርድ የተነበበ ያህል ደስ ያሰኛል። የስልኩ ሆድ ሞልቶ «ቦታ የለኝም» እስኪል ድረስ ቲቸር አውርዷል፤ ከዚያ ቦታ ለማስለቀቅ ሳያነብ አጥፍቷል፤ አሁን ደግሞ «ያ መጽሐፍ ያለው ይላክልኝ» ይላል።

በወረቀት ያለው አንድ መጽሐፍ ከደሴ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሽፋኑ በግድግዳ ካላንደር ወረቀት ተለብጧል፤ ጀርባው ላይ የአንድ የጥቅምት ወር ቀኖች ተገልብጠው ይታያሉ። ውስጡ የሦስት ሰዎች ፊርማ አለ፤ ሁለቱ ተሰርዘዋል። አንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ይሄ ሰውዬ አያሳዝንም?» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ በሰማያዊ ቀለም «በፍጹም» የሚል መልስ አለ። ከዚያ በታች ሌላ እጅ «መጽሐፍ አታቆሽሹ» ብሎ ራሱም አቆሽሿል። ከሁሉ የከፋው የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። ቲቸር ሻጩ ፊት ቆሞ የመጀመሪያውን ገጽ እንጂ የመጨረሻውን አላየም።

ይህን የሰሙት የጎረቤቱ አሮጊት፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ እኔ እጨርስልሃለሁ» አሉት። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ልቦለድ ያወቁት ከራዲዮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው። የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣ በወጋየሁ ድምፅ አስመስለው ሲናገሩ ጀበናው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። ቲቸር ወራት የታገለውን መጽሐፍ እማማ ከአቦል እስከ በረካ ጨረሱት። በረካው ላይ ግን ደራሲው ያልጻፉት አንድ ትዕይንት ሳይገባበት አልቀረም።

ያን ቀን ነው ዕቅዱ እንደ አዲስ የተነደፈው። ቁጥሩ ተሰረዘ። በምትኩ አንድ ጥያቄ ገባ፦ እዚሁ ከደጃችን ተነሥተን የት የት እንደርሳለን?

ሩቅ ነው የሚደረሰው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሐይቁ በኩል አልፏል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ታተመ፤ በውስጡ የእስጢፋኖስን ገዳምና በሐይቁ ውስጥ የሚኖሩ ጉማሬዎችን ያወሳል። ዛሬ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ የቀረሶ ጥብስ የሚበላ ሰው ይህን ቢያነብ እግሩን ከውኃው ትንሽ ሰብሰብ ሳያደርግ አይቀርም። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የመዘገበው ዐረብ ፈቂህ በ«ፉቱሕ አል ሐበሻ» ሐይቅን ያነሣል፤ ያው ውኃ ከሌላ ወገን ሲታይ እንዴት እንደሚመስል የሚያሳይ ነው። ሁለቱን መጻሕፍት አከታትሎ ያነበበ ሰው ስለ 16ኛው መቶ ዓመት በቡና ላይ ሲከራከር ድምፁ ዝቅ ይላል።

ግሸንም መጽሐፍ ወልዳለች። እስከ 16ኛው መቶ ዓመት የነገሥታቱ ልጆች የሚጠበቁባት አምባ ነበረች፤ ወሬዋ ከተጓዦች ጋር አውሮፓ ደረሰ። ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን በእግሩ አልረገጣትም፤ ግን ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1735፣ የኢየሱሳዊውን ጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። በ1759 እናቱ ሞቱ። ለቀብሩ ገንዘብ ቸግሮት በአንድ ሳምንት ምሽቶች «ራስላስ»ን ጻፈ፤ ሁሉ ነገር ከሞላለት ከተዘጋ ሸለቆ ወጥቶ ደስታ የት እንዳለ የሚፈልግ የአቢሲኒያ ልዑል ታሪክ። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። አባቱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ካታሎግ አዘጋጅተው ያሳተሙ ሰው ናቸው። አባት ምን እንዳለን ቆጠሩ፤ ልጅ የጎደለውን አመጣ። ቲቸርን ግን የነካው ሌላ ነገር ነው፤ ጆንሰን በሳምንት የጻፈውን መጽሐፍ እሱ በሳምንት ማንበብ አልቻለም።

ከግሸን ወረድ ሲሉ ውጫሌ ነው። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚህ አምባሰል ውስጥ ነው። ስለ 17ኛው አንቀጽ የማይከራከር ሰው በአካባቢው የለም፤ 20ውን አንቀጽ ከአንድ እስከ ሃያ ያነበበ ግን ስንት ነው? ለአንድ ምሽት የምትበቃ ጽሑፍ ናት። አዲሱ ዕቅድ ለየካቲት መድቧታል፤ ዐድዋ ሲከበር ንግግር የሚያደርግ ሁሉ ቀድሞ እንዲያነባት ታስቦ ነው።

በዓለም ላይ ንባብን በቦታ ማቀድ የተሞከረ ነገር ነው። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ አን ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ2012 ከ196 ነጻ አገሮች አንድ አንድ መጽሐፍ ለማንበብ ተነሣች። አንዳንዱ አገር በእንግሊዝኛ የሚገኝ መጽሐፍ አልነበረውም፤ ለሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ በጎ ፈቃደኞች ተከፋፍለው እስከ መተርጎም ደረሱላት። ቲቸር ይህን ሲሰማ 196 የሚለው ቁጥር ዐይኑን አበራው። ባለቤቱ እስክሪብቶውን ቀማችው።

እሷም የራሷ ጥያቄ ነበራት። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። የሐይቅ ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ ስሙን እየሰማች ያደገችውን የአባ ኢየሱስ ሞዐን ወንጌል በዐይኗ የምታየው እንዴት ነው? መልሱ የሚገኘው ሚኒሶታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ የሐይቁም ወንጌል ተነሥቶ ቁጥር 1832 ሆነ፤ ቅጂዎቹ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። እዚያ ሆነው በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን አንድ በአንድ አንብበው ካታሎግ ያደረጉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በ1968 ዓ.ም. በጥይት ተመትተው ከተሽከርካሪ ወንበር ባይነሡም ንባባቸው አልተቋረጠም። ከፊልሞቹ ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። ያ ሰዓት የሚያባክን ስልክ ለካ ይህንም ይችላል።

የቲቸር ባለቤት ከዚህ ሌላ 52ቱን ርእሶች ከላይ እስከ ታች አይታ «ሴት አትጽፍም እንዴ?» አለች። አንዲት አልነበረችም። ስለዚህ ስንዱ ገብሩ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ሴት፣ በ«የልቤ መጽሐፍ» ግጥምና ተውኔት የጻፉ። ማዛ መንግሥቴም ገባች፤ ስለ ጣልያን ወረራ ዘመን ሴት ተዋጊዎች የጻፈችው ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቲቸር እያነበበ በአማርኛ እንዲያወራ ተፈርዶበታል፤ ሲያቅተው «ይሄን እንዝለለው» ማለት አይፈቀድለትም።

አዲሱ ዕቅድ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። መስከረም አጭር መጽሐፍ ያስፈልገዋልና «ጦቢያ» ተመደበለት፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ በግሸን እንግዶች መሐልም ያልቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ የመስፍን ሀብተማርያም ወጎች ናቸው፤ ከውቂያ የመጣ ሰው አንዱን አንብቦ እንቅልፉን ይተኛል። ጾሙና ረመዳኑ የየራሳቸው ንባብ ስላላቸው ዕቅዱ በእነሱ ላይ እጁን አያስገባም። ሰኔ ባዶ ነው፤ ቲቸር የተማሪ መልስ ያነባል፣ እሱም ልቦለድ ነው። ወፍራሙ መጽሐፍ ለሐምሌና ለነሐሴ ነው፤ ለዚያም ሻማ ተገዝቷል።

ደንቡ ሁለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ቡና ሲፈላ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፤ በዚያ ቀን ያልመጣ ያመለጠውን ከጎረቤት ይጠይቅ እንጂ ወደ ኋላ አይመለስለትም። የቲቸር ልጅ አጠር ያለ ምዕራፍ ታነባለች፤ የጎረቤቱ ባለሱቅ ልጅ የገጸ ባሕርያትን ንግግር ይይዛል፤ ቲቸር ራሱ ተራው ሲደርስ እንደ ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ማለት ስለሚያበዛ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል።

«ራስላስ» የተጀመረ ቀን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እማማ፣ ሁሉ የሞላለት ልዑል ሸለቆውን ጥሎ መውጣቱ አልገባቸውም። «መብራት አይጠፋበት፣ ውኃ አይቆምበት፣ ምን ፈልጎ ነው?» አሉ። የቲቸር ልጅ ደግሞ ልዑሉን ደግፋ፣ እሷም ደሴ ሄዳ መማር እንደምትፈልግ በዚያው አስገባች። ባለሱቁ ሸለቆው ግሸን አይደለም፣ ግሸን አምባ እንጂ ሸለቆ ሆና አታውቅም ብሎ ከእንግሊዙ ደራሲ ጋር ተጣላ። የቀረበው ገጽ ሁለት ብቻ ነበር፤ ቡናው ግን ሦስቴ ተደግሞ አራተኛ ውኃ ተጨመረበት።

ክርክር ያላለቀው በጳጉሜን ላይ ነው። አምስቱ ቀን ለድጋሚ ንባብ ተይዟል፤ ዓመቱን ሙሉ ከተነበበው አንድ ተመርጦ ይደገማል። የሉቃስ ዘመን ሆኖ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ለስድስተኛዋ ቀን እማማ ከወዲሁ ማመልከቻ አቅርበዋል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጎደሉ ገጾች የያዘ ሌላ ቅጂ ከደሴ ይምጣና የታተመው ፍጻሜና እሳቸው የተናገሩት ፍጻሜ በሰው ፊት ይነጻጸር ብለዋል። ልዩነት ከተገኘም የተሳሳተው ማን እንደሆነ ወስነው ጨርሰዋል፤ ሐዲስ ናቸው።